የዜማ ፊት ሲመለስ

ይጁቤ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለየሺዋስ፤

በወጣህበት የሚከተልህ፣ በገባህበት የሚቀድምህ ያባቶቻችን አምላክ ሰላሙን ያብዛልህ። እንደምን ከረምህ? ብርዱስ እንደምን ያደርግሃል? እኛ አለን። ባለቤቴ ሥራነሽ በብዙ ትስምሃለች። የቅኔ ጉባኤዬ አልታጠፈም፤ ተማሪው ግን ከሠላሳ ወደ ዘጠኝ ወርዷል። በዚህ ጊዜ ልጁን መንገድ የሚያስወጣ ወላጅ የለም።

ዳታ የሚሉት ነገር ከነሐሴ ጀምሮ ካገራችን ጠፍቷል። ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ያርፋል። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በወረቀት ጻፍሁልህ። ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለሰው የኔአለም ለሕሊና ያደርስልኛል። የሥራነሽ የእህት ልጅ ሕሊና ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ በስልኳ አንሥታ ትልክልሃለች። አንተ የምትጽፈውንም በወረቀት አውጥታ በየኔአለም እጅ ትሰድልኛለች።

ነገሬ ስለ ልጄ ስለ ዜማ ነው። አንተ ስትሄድ ፊደል ትቆጥር የነበረችው ልጅ ሃያ ዓመት ሞላት፤ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳ ነበር። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ሜዳ ስትወጣ ደም ታያለች። መጻፉ ያሳፍራል፤ ነገር ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ያስቀምጣታል። መጀመሪያ አሜባ ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ዋጠች፤ አልተዋትም። መቀነቷ አንድ ዙር ጨምሮ ይዞራት ጀመር። በመጨረሻ ማርቆስ ሆስፒታል ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጧን አዩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ትልቁ አንጀቷ ከዳር እስከ ዳር ቆስሏል አለኝ። ተባይም አይደለም፣ ጀርምም አይደለም። በሰው ደም ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ፤ የእሷ ዘበኞች ጠላትና ባለቤት መለየት ትተው የገዛ አንጀቷን እየደበደቡት ነው አለኝ።

ሁለት ዓይነት ኪኒን ሰጣት፤ ትልልቅ ቢጫና ትንንሽ ነጭ። ነጩን በድንገት እንዳታቋርጥ፣ እኔ ራሴ ቀስ እያልሁ እቀንስላታለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀን። ከነጩ ወዲህ ደሙ ቀነሰ፤ ፊቷ ግን አብጦ ክብ ሆነ። የኪኒኑ ጠባይ ነው፣ አትደንግጡ ብሎናል። እሷ ግን መስተዋት ሸሽታለች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትከናነባለች።

እናትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "የሺዋስ የአንጀት ሕመም መድኃኒት ከሚመረምሩ ሊቃውንት ጋር ነው" ትለን ነበር። ገንዘብ አልጠይቅህም። የምታውቀውን ግን አትሰስትብኝ። እናንተ በዚያ ምን አገኛችሁ?

አጎትህ አካለ ወልድ


ኡፕሳላ፣ ስዊድን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለመምህር አካለ ወልድ፤

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ጉልበትዎን እስማለሁ። ለእትዬ ሥራነሽ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። ፊደል ያስቆጠረኝን የእጅ ጽሕፈት በስልክ ላይ ሳየው ተቀምጬ ነበር፣ ብድግ አልኩ። ዜማን እንደ ሕፃን ነው የማስታውሳት፤ አዝያት ገበያ ወርጃለሁ። በጣም አዘንኩ።

የጠየቁኝን ልንገርዎ። ሐኪሙ እውነቱን ነው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በየቦታው ቆመው ይጠብቃሉ። ከእነሱ መካከል ትልልቆቹ ጀርም ሲያገኙ ይውጡታል። እነዚህ ሁለት ጠባይ አላቸው። አንደኛው እሳት ነው፤ ያቃጥላል፣ ሌሎችንም ለጥቃት ይጠራል። ሁለተኛው ቁስል ይጠግናል። በጤነኛ ሰው ውስጥ እሳቱ ሥራውን ሲጨርስ ጠጋኙ ይተካዋል። በዚህ በሽታ ግን እሳቱ አይበርድም።

እኛ እዚህ የምንመረምረው ከዕፅዋት የሚወጡ ንጥረ ነገሮች የሚያቃጥለውን ሴል ወደ ጠጋኝነት ይመልሱት እንደሆነ ነው። የምትመራን ዶክተር ማሊን ትባላለች። ዘንድሮ የምንሞክረው ምን እንደሆነ ቢያውቁ ይገርምዎታል፤ ከእርድ የወጣ ነው። ይጁቤ ገበያ በስኒ የሚሸጠው፣ አልጫ የምናደርግበት ቢጫው እርድ። አይጦቹ በሚጠጡት ውሃ ውስጥ አንጀት የሚያቆስል ነገር ይጨመራል፤ ደም ያስቀምጣቸዋል፣ ይከሳሉ። ከዚያ እርዱን እንሰጣቸዋለን። ስምንት አይጦች በአሥር ቀን ውስጥ ደማቸው ቆመ፤ የቆመው ጠጉራቸው ተኛ፣ ክብደታቸው ተመለሰ። በዓይኔ አይቻለሁ።

ተስፋ አይቁረጡ። ዜማ ኪኒኗን አታቋርጥ።

ልጅዎ የሺዋስ


ይጁቤ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺዋስ፤

አንተ ያየኸውን በጎ ነገር እኛም በደጃችን እንድናየው ይፍቀድልን።

ደብዳቤህ በጥምቀት ማግሥት ደረሰ። ሦስት ጊዜ ለብቻዬ አነበብሁት፤ አራተኛውን ለዜማና ለእናቷ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ስምንቱ አይጦች ጋ ስደርስ ሥራነሽ እልል ልትል ከጀላት፤ አፏን ያዝኋት።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህ ነው። አይጡ ስንት ይመዝናል? በቀን ስንት ጊዜ ሰጣችሁት? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በማር ነው ወይስ በውሃ? ዱቄቱ ውስጥ ነጋዴው በቆሎ ይቀላቅልበታል ስለሚባል እኔ ሥሩን ገዝቼ አስወቅጬዋለሁ። ዜማ አርባ አራት ኪሎ ናት። ዲማ በተማርሁ ጊዜ ከመምህሬ የገለበጥኋት የመድኃኒት ደብተር አለችኝ፤ እዚያም እርድ ለሆድ ሕመም በማር ይሰጣል ይላል። ልኩን ግን በጣት ጫፍ ብሎ አልፎታል። የእናንተ ልክ ይሻላል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ የመምህርነት ልማድ ነው። ዘበኛው ወገኑን የሚለይበት ምልክት ምንድን ነው? ምልክቱስ ሲጠፋበት የሚመልስለት ማን ነው? ይህን የሚያውቅ ሊቅ በዚያ ካለ ጠይቅልኝ፤ ስለ ዜማ ብቻ አይደለም የምጠይቅህ።

አጎትህ አካለ ወልድ


ኡፕሳላ፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፤

የቤትዎን ደኅንነት ያሰማኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩ፤ ስለ ኪኒኑ ግን አንድም ቃል የለበትም። ነጩን እየወሰደች ነው? በቀን ስንት? ሐኪሙ ቀንሶላት እንደሆነ መቼ ቀነሰላት? እባክዎ ከሁሉ በፊት ይህን ይመልሱልኝ።

የአይጡን ልክ ወደ ሰው መገልበጥ አይቻልም። እዚህ የሚሰጠውም የገበያው እርድ አይደለም፤ አንዱ ንጥረ ነገሩ ብቻ ወጥቶ፣ ቁስሉ ድረስ እንዲደርስ በሌላ ነገር የተለበጠ ነው። ተራው እርድ ሲበላ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። በሰው ላይ የሞከሩ ሐኪሞች አሉ፤ እነሱም ከኪኒኑ ጋር ደርበው እንጂ በኪኒኑ ፋንታ አይደለም። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ።

ስለ ምልክቱ ዶክተር ማሊንን ጠየቅኳት። ሴሎቹ ገና ሲፈጠሩ ይፈተናሉ፤ ወገናቸውን የሚያጠቁት ይወገዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን አልፈው ይወጣሉ አለችኝ። ለምን ያልፋሉ ብላት፣ እሱን ብናውቅ ይህ ቤት ባላስፈለገ ነበር አለችኝ።

ስልክ አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። አይጠራም።

ልጅዎ የሺዋስ


ይጁቤ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺዋስ፤

በጾሙ ያስበን፣ አንተንም አይርሳህ።

ከታኅሣሡ ወዲህ ደብዳቤህን አላየሁም። ብትጽፍም አይደርሰኝም፤ የየኔአለም መኪና ጭነቱን እንደያዘ ደጀን ላይ ከቆመ ወር አለፈው። ይህን ወረቀት በእግሩ ወደ ደጀን ለሚሄድ ይታያል ለሚባል ፍየል ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ።

ዜማ እርዱን ጠዋትና ማታ አታስታጉልም። ደግ ነገርም አለ፤ ፊቷ ተመልሷል። ያ እብጠት ጠፍቶ ጉንጯም አገጯም እንደ ድሮው ሆኗል። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አንሥታለች፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዜማ አማረባት ይላል። እናቷ መስተዋቱን ከሣጥን አውጥታ ሰጠቻት።

ጥቂት ይደክማታል። ከተቀመጠችበት ስትነሣ ዓይኗ ይጨልምባታል፤ ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል። የጾሙ ነው እንላለን። ሆዷንም ይነፋታል። ከእርዱ ጋር የሚደረብ ሌላ ዕፅ ካገኛችሁ ስሙን ጻፍልኝ፤ ዓባይ ቆላ ወርጄም ቢሆን እነቅለዋለሁ። አይጦቹ የዳኑት በአሥረኛው ቀን ነው ያልኸኝ? እኛ ስድሳ ቀን ሆነን።

አጎትህ አካለ ወልድ


ኡፕሳላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ሰላምታዬን በሌላ ቀን ይቀበሉኝ። ይህ ወረቀት እጅዎ እንደገባ፣ የያዙትን ሁሉ ትተው ዜማን ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ፊቷን ያሳበጠው ነጩ ኪኒን ነበር። ፊቷ ከተመለሰ ኪኒኑ ቆሟል ማለት ነው። ደብዳቤዎን ተርጉሜ ለዶክተር ማሊን አነበብኩላት። ሌላውን ሁሉ አልፋ፣ ስለ ዜማ ፊት የጻፉትን እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ይህን ያህል ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰውነት በድንገት ሲቋረጥበት ራሱን ማቆም ያቅተዋል" አለችኝ። "ስትነሣ ዓይኗ የሚጨልመው ለዚህ ነው። የሆድ መነፋቱ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል።"

አሁን የምጽፈውን ከአሥር ዓመት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ምድር ቤት ውስጥ የአይጦቹን ጎጆ አጸዳለሁ፤ መኖና ውሃ እሰጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መዝኜ እጽፋለሁ። ለእናቴ ከተመራማሪዎች ጋር ነኝ አልኳት፤ እሷ ደስ እንዳላት ሰማችው፤ እኔም አላረምኩላት። ለእርስዎ "እኛ" እያልኩ ስጽፍ ያቺ የእናቴ ደስታ በእርስዎም ቤት እንድትኖርልኝ ፈልጌ ነበር። ስለ ሴሎቹ የጻፍኩልዎ እውነት ነው፤ ግን ኮሪደር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ያነበብኩትና እነሱ ሲነጋገሩ የሰማሁት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የአይጦቹ ጎጆ ሁለት ረድፍ ነበር። በመጀመሪያው ረድፍ እርዱ የተሰጠው ሕመሙ እንደጀመረ ነው፤ እነዚያ ስምንቱ ዳኑ። በሁለተኛው ረድፍ ሕመሙ ከቆየና ከጠና በኋላ ነው የተሰጠው። ከስምንቱ የተሻላቸው ሁለት ናቸው። ሁለተኛውን ረድፍ አልጻፍኩልዎም። የዜማ ሕመም ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሚመስለው ሁለተኛውን ረድፍ ነበር።

የዳኑትም አይኖሩም። ሙከራው ሲያልቅ ሁሉም ለእርድ ይሄዳሉ፤ አንጀታቸው ወጥቶ ሴሎቹ ይቆጠራሉ። ጎጆዎቹን አጥቤ ለሌሎች አዘጋጃለሁ። "ዳኑ" ያልኩዎ ያንን ነው።

ሕሊና አዲስ አበባ ነጩን ኪኒን ገዝታለች። ሰው ካጣች ራሷ ይዛ እመጣለሁ ብላኛለች።

የሺዋስ


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺዋስ፤

በሰው አገር ብቻህን ነህና አንተን የሚያጽናና መልአክ አያሳጣህ። ከሆስፒታሉ ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ።

ሕሊና እስከ ደጀን በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲህ ባገኘችው እየተሳፈረች፣ ሲጠፋም በእግሯ፣ በጸሎተ ሐሙስ ቀን ደረሰችልን። እግሯ ተልጦ ነበር። ደብዳቤህን ለእኔ፣ ኪኒኑን ለሥራነሽ ሰጠች። ዜማ ዋጠችው፤ ወዲያው መለሰችው። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር።

በማግሥቱ ስቅለት ነው። ሰው ሁሉ ስግደት ላይ ሳለ ጎረቤታችን አለበል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብቶ ሰባት ሰዎች ይዞ ወጣ። ስምንት ሆነው ቃሬዛ ያዙ። እየተፈራረቁ ከይጁቤ ማርቆስ በእግር ወሰዷት። ሁለት ቦታ ታጣቂዎች አስቁመውን ቃሬዛውን ገልጠው አዩ፤ አይተው ዞር አሉ። እኔ ከኋላ ነበርሁ፤ ስግደቴን እየሄድሁ ጨረስሁት።

በደም ሥሯ መድኃኒቱን ሰጧት። ትንሣኤን እዚሁ ዋልን። ማክሰኞ ጠዋት ቀዶ ሐኪሙ ጠራኝ፤ መድኃኒቱ አልያዘላትም፣ አንጀቱ ሊፈነዳ ተወጥሯል አለኝ።

"መምህር፣ አንጀቱ ካልወጣ እሷ ከዚህ ቤት አትወጣም።"

ወረቀት አቀረቡልኝ። እጄ ብዕር ሲይዝ አርባ ዓመቱ ነው፤ ስሜን መጻፍ አቃተኝ። ዜማ ከአልጋው ላይ ቀና ሳትል "አባ፣ ፈርም" አለችኝ። ፈረምሁ። ደም ያስፈልጋል ሲሉ ከተሸካሚዎቹ የሦስቱ ገጠመ፤ የአለበልም አንዱ ነው።

ትልቁን አንጀቷን አወጡት። በሆዷ ጎን ቀዳዳ አበጁላት፤ ቆሻሻው በዚያ እየወጣ በከረጢት ይጠራቀማል። ከሳምንት ወዲህ ቁስሉ መግል ይዟል፤ ትኩሳቷ ይወጣል ይወርዳል። ዛሬ አላወቀችኝም።

አሁን የእኔን ልንገርህ። የአንተን ብቻ ሰምቼ ዝም ብል ፍርድ አይሆንም። ኪኒኑ ያለቀው ጥር 9 ቀን ነው። ይጁቤ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ነበር። ገና ሊያልቅ ሲል ጀምሮ ወደ ማርቆስ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሁለቱን ከመንገድ ተመለስሁ፤ በሦስተኛው ስደርስ እዚያም አልቋል ተባልሁ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። አታቋርጥ ማለትህን አንብቤያለሁ። ባዶ እጄን ከፊቷ ከምቆም ብዬ እርዱን አስወቅጬ በነጭ ወረቀት ጠቀለልሁና፣ የሺዋስ ከውጭ የላከልሽ መድኃኒት ነው፣ በኪኒኑ ፋንታ የሚወሰድ ነው አልኋት። ለአንተ ያልጻፍሁት በትዕቢት ነው። ገንዘብ አልጠይቅህም ብዬ ጀምሬ፣ መድኃኒት አጣሁ ማለት ልመና መሰለኝ። ሳልለምን ልጄን ሰጠሁ።

አይጥ አበላለሁ ብትለኝ አልንቅህም ነበር። ተማሪ ቤት ሳለሁ ቁራሽ ለምኜ በልቻለሁ። እርድ ብለህ በጻፍኸው ግን ዕድሜዬን ቅኔ ሳስተምር የኖርሁት ሰው ቅመሙን ብቻ አየሁ፤ ቃሉ ሁለት መሆኑን አንተ ነህ የነገርኸኝ።

ሕሊና ነገ ትመለሳለች፤ ይህን ትልክልሃለች። ከዚህ በኋላ እጄ ለጽሕፈት የሚታዘዝልኝ አይመስለኝም።

አካለ ወልድ


ኡፕሳላ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፤

ትኩሳቱ ወረደላት? ለእርስዎ የምለው ብዙ ነው፤ ይህን ሳልሰማ ግን ምንም ማለት አልችልም።

ዶክተር ማሊን ከምታውቀው ሆስፒታል የሆድ ከረጢት ለምና አርባ አመጣችልኝ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ሕሊና ትቀበላለች። ከታች የሚከፈት ስለሆነ ታጥቦ ይደገማል። ዙሪያውን ቆዳዋ እንዳይላጥ በለብ ያለ ውሃ ብቻ ይጠቡት፤ ሳሙና አይንካው።

አዲስ አይጦች መጥተዋል። ሥራዬን ልተው ብዬ ነበር፤ አልተውኩም። ስመዝናቸው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አያለሁ።

የሺዋስ


ኡፕሳላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ሕሊና ከረጢቱን ለሰው ሰጠሁ እንጂ መድረሱን አላውቅም ትላለች። ማርቆስ ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው አስጠየቅኩ፤ ከዚያ ወጥተዋል እንጂ እንዴት ሆነው እንደወጡ የሚናገር የለም።

አለች ወይስ የለችም? አንድ ቃል ይበቃኛል። እርግማንም ቢሆን ይጻፉልኝ።

የሺዋስ


ይጁቤ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ የሺዋስ፤

አለሁ። ዜማ ነኝ። በፊት ጽፌልህ አላውቅም፤ ሰላምታውን እንደ አባ አድርጌ መጀመር ስላልቻልኩ ይቅር በለኝ።

ትኩሳቱ ሁለት ጊዜ ወስዶ መለሰኝ። በሰኔ መጨረሻ ወደ ቤት አመጡኝ። ከላክኸው ከረጢት የደረሰን አሥራ አምስት ነው፤ የቀረው መንገድ ላይ ቀርቷል። እያጠብን ነው የምንደግመው፤ ሦስቱ አፋቸው ለቆ አልይዝ ብለዋል። ከዚያ በፊት በፌስታልና በጨርቅ ነበር የምታሰረው፤ እሱን ለማንም አልመኝም። ከቻልክ ቀዳዳው አርባ አምስት ሚሊ ሜትር የሚለውን ላክልኝ። አባ ያፍራል እንጂ እኔ መለመን አላፍርም።

የሰፈሩ ሰው እንደተለመደው ነው፤ አዘነልኝ ከዚያም ለመደኝ። እህል ብዙ አልችልም። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ተመለሺ ብለውኛል፤ በሰው መካከል እንዴት እንደምቀመጥ ገና አላውቅም። አንዳንድ ቀን አባ ባልፈረመ ኖሮ እላለሁ። እንዲህ ያልኩትን ለእሱ አትጻፍለት።

ደብዳቤዎችህን ሁሉ አነበብኳቸው። አባ ከመድኃኒት ደብተሩ ጋር አስቀምጧቸው ነበር። አንተም እሱም እኔ ያልነገርኳችሁን አታውቁም ነበር፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

እርድ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። ነጭ ወረቀት ውስጥ ቢሆንስ ሽታውን የማላውቅ ሴት ነኝ? ጣቴም ቢጫ ሆኖ ቀረ። አባ ግን የሺዋስ ልኮልሽ ነው ሲለኝ፣ ሳምንት ሙሉ ፊቴን ሳያይ ከርሞ ያን ቀን ነው ቀና ብሎ ያየኝ። እያወቅኩ ዋጥኩት።

ሌላውን ግን ለእሱ ብዬ አይደለም ያደረግኩት። ኪኒኑ ሲያልቅ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጋሼ። ፊቴ እስኪመለስ ቀን እቆጥር ነበር። ሲመለስም ደሙ አብሮ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጀመረ። አማረብሽ ሲሉኝ፣ እማማ መስተዋቱን ስትሰጠኝ፣ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ጨርቁን ወንዝ ወስጄ ብቻዬን አጠብኩ። ሦስት ወር ያህል ሸሸግኩ። አባ አንተን ሲጠይቅህ የነበረው እየዳነች ነው ብሎ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን ጥፋቱን ለራሱ ወስዶ ጨርሶታል። ከግንቦት ወዲህ ብዕር አልያዘም። የነበሩትን ዘጠኝ ተማሪዎች ወደ ሌላ መምህር ሰደዳቸው። ይህን እስካሁን አልነገርኩትም ነበር፤ ትናንት ነገርኩት። ከረጢቱን እያጠበ ነበር፤ ከእናቴ ይልቅ እሱ ነው የሚያጥብልኝ። ቀና ሳይል ሰምቶኝ "አውቄ ቢሆን ኖሮም ኪኒን አልነበረኝም" አለኝ።

አሁን ከትናንት በስቲያ የሆነውን ልንገርህ። ነሐሴ 16 የደብራችን የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነበር። አባ ከታመምኩ ወዲህ ማሕሌት አልቆመም፤ ዘንድሮ ካህናቱ መጥተው ለመኑትና ሄደ። እኔም ተከትዬው ሄድኩ፤ ዓመት ተኩል ሆኖኛል ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ። ማንም አልከለከለኝም። ግን ከረጢቱ ሳላዝዘው ድምፅ ያሰማል፤ ሰው መካከል እንዳያዋርደኝ ብዬ በአጥሩ በኩል ከጥዱ ሥር ለብቻዬ ቆምኩ። ካፊያ ነበር፤ ሌላው ሰው በሙሉ ወደ በሩ ተጠግቷል።

ወረቡ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ አባ መቋሚያውን እንደያዘ በበሩ ወጣ። የደከመው መስሎኝ ነበር። ሰዉን እየከፈለ፣ ጭቃውን እየረገጠ መጣና ከጎኔ ቆመ። ግባ አባ፣ ይጠብቁሃል አልኩት። ውስጥ ያሉት ወረቡን ሲያነሡ እሱ ከጥዱ ሥር ሆኖ ተቀበላቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ያን ጊዜ ከረጢቱ ድምፅ አሰማ፤ አባ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ዜማ አካለ ወልድ